አፈር ውስጥ ያለ እርሳስና አርሴኒክን በእጅ በሚያዝ ኤክስአርኤፍ መለካት

የኤክስአርኤፍ ሽጉጡን፣ ማለትም በራጅ ንጥረ ነገሮችን የሚለየውን የእጅ መሣሪያ፣ አፈር ላይ ደግፎ ቃታ የሳበ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሃያ ምናምን ንጥረ ነገሮች መጠን ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ያገኛል። አደጋውም ከዚሁ ቅለት ይመጣል። ደረቅና የተነፋ አፈር ብትሰጡት፣ ጭቃ ብትሰጡት፣ ከግድግዳ የወደቀ የቀለም ቅርፊት ብትሰጡት እኩል ቁጥር ያወጣል። «ይህ ናሙና አላማረኝም» የሚል ማሽን የለም። ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም በአብዛኛው ቃታው ከመሳቡ በፊት፣ በወንፊትና በሙቀጫ ላይ ነው።

እዚህ የምናሳየው አሠራር ለአፈርና ለደለል የሚሆን ነው፤ በተለይ ለእርሳስ፣ ለአርሴኒክ፣ ለዚንክ፣ ለመዳብና ለክሮሚየም። ቁጥሮቹ በብዛት የተወሰዱት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ካሻሻለው «ዘዴ 6200» ነው። ዘዴው የተጻፈው ለዚሁ በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ስለሆነ ሌላ አገር ያሉ ላቦራቶሪዎችም ይጠቀሙበታል።

ምን ያያል፣ ምን ያመልጠዋል

ከመሣሪያው አፍንጫ የሚወጣው ራጅ የአተሙን የውስጥ ኤሌክትሮን አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ባዶ የቀረውን ቦታ ከላይኛው እርከን የወረደ ኤሌክትሮን ሲይዘው፣ የተረፈው ጉልበት ተመልሶ በራጅ መልክ ይወጣል። የዚህ ጉልበት መጠን ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው፤ ከአተሙ ቁጥር ጋር አብሮ እንደሚያድግ ሄንሪ ሞዝሊ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1913 ነበር። ብረት 6.40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ መዳብ 8.05 ላይ፣ ዚንክ 8.64 ላይ ጉብታ ሆነው ይታያሉ። መሣሪያው የጉብታውን ቦታ አይቶ ማን እንደሆነ፣ ከፍታውን አይቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

ቀላል ንጥረ ነገሮች የሚያወጡት ጨረር ደካማ ነው። የስምጥ ሸለቆን የውሃና የአፈር ፍሎራይድ ለማየት ይህን መሣሪያ ይዞ ወደ ሻላ የወረደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የፍሎሪን ጨረር ጉልበት 0.68 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ በመካከል ያለው አየርና የመሣሪያው መስኮት ይውጡታል። ለፍሎራይድ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ውሃም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ አርሴኒክ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.01 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ፤ አፈር ላይ ሚሊግራም በኪሎግራም ማለት ነው) ነው። ይህ መሣሪያ ንጹሕ አሸዋ ላይ እንኳ አርሴኒክን በደህና የሚለየው ከጥቂት ፒፒኤም ጀምሮ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በመቶዎች እጥፍ ስለሆነ የውሃ ጠርሙስ ላይ ቃታ መሳብ ጊዜ ማጥፋት ነው። ጎመንና ሰላጣም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው እርሳስ በኪሎግራም 0.3 ሚሊግራም ነው። በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣን ማሳ መመርመር ከፈለጋችሁ አፈሩን በዚህ መሣሪያ ለኩ፣ ቅጠሉን ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። መሣሪያው ቅጠሉ ላይ «አልተገኘም» ቢል ቅጠሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አፈር ላይ ግን ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ወርቅ ለማውጣት በየመንደሩ የተፈጨው ድንጋይ እርሳስ ይዞ ኖሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሲሞቱ፣ የትኛው ግቢ መጠረግ እንዳለበት የተለየው በዚሁ በእጅ መሣሪያ ነው። በሺዎች ፒፒኤም የሚቆጠር እርሳስ ባለበት ቦታ ግቢ ለግቢ እየዞሩ በዕለቱ ካርታ መሥራት የሚቻልበት ሌላ ርካሽ መንገድ የለም።

ጨረሩ

ቱቦው እንደየመሣሪያው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ቮልት ይሠራል። ሲጠፋ ጨረር የለም፤ ሲበራ ግን ከአፍንጫው ፊት ያለው ጨረር ለጣት አይሆንም። ናሙና በመዳፍ ይዞ መተኮስ ክልክል ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም አለ፤ ናሙናውን እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደታች ሲተኩስ ጨረሩ እንጨቱን አልፎ ከሥር ወዳለው ጉልበት ይሄዳል። ማቆሚያውን ከነክዳኑ ተጠቀሙ፤ ከሌለ መሬት ላይ ሥሩ። ለሕዝብ የተፈቀደው የዓመት ጣሪያ 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ በአግባቡ ለሚሠራ ሰው ከዚያ በታች መቆየት ከባድ አይደለም። የመሣሪያው ፈቃድና የጨረር መለኪያ ባጅ ግን ግዴታ ነው።

ናሙናው ከየት ይወሰድ

ግቢን እንደ አንድ ነገር አትዩት። ጠፈጠፍ ሥር ያለው አፈር፣ ልጆች የሚጫወቱበት መሬትና በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ሥር ሦስት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ጠፈጠፍ ሥር ከግድግዳና ከመስኮት የተላጠ ቀለም ስለሚጠራቀም እርሳስ ሊከማች ይችላል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ዝናቡ እያጠበ ያወርደዋል። ይህን የማያውቅ ሰው የዚንኩን ቁጥር አይቶ ፋብሪካ ፍለጋ ይወጣል። በመንገድ ዳር ያለው እርሳስ ከድሮ ቤንዚን የቀረ ሊሆን ይችላል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተዉት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ከላይኛው አፈር በቀላሉ አይለቅም።

ለሕፃናት ተጋላጭነት ከሆነ የምትፈልጉት የላይኛውን 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሣሩንና ቅጠሉን ገለል አድርጋችሁ ከእያንዳንዱ ክፍል ከ5 እስከ 10 ቦታ እኩል እኩል ውሰዱና አንድ ላይ ቀላቅሉ፤ በድምሩ ከ300 እስከ 500 ግራም ይበቃል። ቀለም የተቀባ አካፋ አትጠቀሙ። የአይዝጌ ብረት ማንኪያ ጥሩ ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ሽቅብ ወይም ከነፋሱ በላይ፣ ተመሳሳይ ዓይነት አፈር ካለበት ቢያንስ ሦስት የመነሻ ናሙና መውሰድ አትርሱ። ደጋ ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ በባዛልት ላይ የተፈጠረ አፈር ማንም ሳይበክለው ክሮሚየምና ኒኬል ይበዛበታል። ማወዳደሪያ ሳይኖራችሁ ከቆዳ ፋብሪካ በታች ያገኛችሁትን ክሮሚየም የፋብሪካው ነው ማለት አትችሉም።

ማድረቅ፣ መንፋት፣ መክፈል

እርጥበት እስከ 20 በመቶ ከሆነ ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቁጥሩን ወደታች ይጎትተዋል። ምን ያህል እንደሚጎትት በሂሳብ እንየው። ከክብደቱ 25 በመቶ ውሃ የሆነ አፈር ላይ መሣሪያው እርሳሱን 180 ፒፒኤም አነበበ እንበል። ደረቁ ላይ ሲመለስ 180 ለ0.75 ተካፍሎ 240 ይሆናል። የአሜሪካው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ለመኖሪያ አፈር ያስቀመጠው የእርሳስ ማጣሪያ ቁጥር (ቀድሞ 400 የነበረው) 200 ፒፒኤም ነው። እርጥቡ አለፈ፣ ደረቁ ወደቀ፤ አፈሩ ግን አንድ ነው። ይህ ማስተካከያ ግምት ብቻ ነው፤ ውሃው ጨረሩን ስለሚበትነው ሂሳቡ በትክክል አይገጥምም። ደህናው መንገድ ማድረቅ ነው።

ኦቨን ካለ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይድረቅ። ሜርኩሪ የሚፈለግ ከሆነ ግን ከመድረቁ በፊት ትንሽ ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሜርኩሪ በሙቀት ይተናል። የባሕላዊ ወርቅ ማውጫ አፈር ላይ ይህን የዘነጋ ሰው ፍለጋውን በገዛ ኦቨኑ አጥፍቶታል። ኦቨን ከሌለ ነጭ ወረቀት ላይ በስሱ ዘርግቶ፣ ከጎዳና አቧራ ተሸፍኖ፣ አንድ ሁለት ቀን አየር ላይ ማቆየት ይበቃል።

ዋልካ አፈር የራሱ ጣጣ አለው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ጓሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ለዘብ ብሎ ሳለ፣ እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው፣ በጣት ፈርፍሩትና ከዚያ ይድረቅ። ይህች ሩብ ሰዓት ሙቀጫ ላይ የሚያልፈውን አንድ ሰዓት ታድናለች።

መጀመሪያ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ጠጠሩንና ሥሩን አውጡ። ቀጥሎ ያለው ምርጫ በዓላማችሁ ይወሰናል። አፈሩ በጠቅላላው ስንት እርሳስ እንደያዘ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ያለፈውን ሁሉ ፍጩትና 60 ቁጥር በሚባለው የ250 ማይክሮን ወንፊት ይለፍ። ልጅ እጅ ላይ ተጣብቆ ወደ አፍ የሚገባው ስንት ነው ከሆነ ጥያቄው፣ ሳትፈጩ በ150 ማይክሮን ወንፊት ነፍታችሁ ያለፈውን ደቃቁን ብቻ ለኩ፤ እጅ ላይ የሚቀረው እሱ ነው፣ እርሳሱም ብዙ ጊዜ እዚያ ይበዛል። ሁለቱ መንገዶች ከአንድ አፈር ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፤ የወንፊቱ ቁጥር ያልተጻፈበት ውጤት ስለዚህ ከሌላ ጋር አይወዳደርም።

የነሐስ ወንፊት መዳብና ዚንክ ይለቃል፤ አይዝጌ ብረት ወይም ናይሎን ይሁን። ሙቀጫው ፖርስሊን ወይም አጌት ይሁን። የቤት የብረት ሙቀጫ ብረት፣ ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ናሙናው ላይ ሊጨምር ይችላል። በሁለት ናሙናዎች መካከል አንድ ማንኪያ ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ወቅጣችሁ ድፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ሶፍት ጥረጉ። በተለይ ከቆሸሸ ወደ ንጹሕ ስትሄዱ አትዝለሉት፤ ከተቻለ ሥራውን ከንጹሑ ጀምሩት።

የተነፋውን በወረቀት ላይ ከምሩና አናቱን ተጫኑት፤ በመስቀል ለአራት ክፈሉት፣ ተቃራኒ ሁለቱን አስወጡ፣ የቀሩትን እንደገና ቀላቅላችሁ ከምሩ። ኩባያውን ለመሙላት የሚበቃ እስኪቀር ድረስ ይደገም። ከፌስታሉ አናት በማንኪያ መቅዳት ደቃቁ ወርዶ ሸካራው ስለሚቀር ናሙናውን አዛብቶ ይሰጣል።

ኩባያው ከ31 እስከ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለ ክፍት ጫፍ ፕላስቲክ ነው፤ ፊቱ ከ2.5 እስከ 6 ማይክሮን ውፍረት ባለው የማይላር ወይም ተመሳሳይ ስስ ፊልም ይወጠራል። ሦስት አራተኛውን ሙሉት፣ ወደታች ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉ፣ ጀርባውን ዝጉት። ፊልሙ ላይ መጨማደድ ካለ እንደገና ይወጠር፤ በናሙናውና በመሣሪያው መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሚሊሜትር እንኳ ሲለወጥ የሚቆጠረው ጨረር ይቀንሳል። የአፈሩ ጥልቀት ከ1 ሴንቲሜትር አይነስ፤ ለእርሳስ ከዚያ ያነሰም ይበቃ ነበር፣ እንደ ካድሚየም ያሉት ጨረራቸው ጠንካራ የሆነ ግን ከጥልቅ ስለሚመጡ ቀጭን ናሙና ያጎድላቸዋል።

ኩባያ ከሌለ በፌስታል ላይ መተኮስ ይቻላል፤ ለማጣሪያ ያህል። ግልጽና ቀለም የሌለው ይሁን። የሱቅ ባለቀለም ፌስታል ቲታኒየም፣ ካልሲየም አንዳንዴም ዚንክ በማቅለሚያው ውስጥ አለበት፤ ባዶውን ፌስታል ከሥሩ ንጹሕ ኳርትዝ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ብትተኩሱ ራሱ ይናገራል። ፕላስቲኩ የክሮሚየምን ደካማ ጨረር ከእርሳሱ ይልቅ በብዛት ይቀንሳል።

ጠዋት የሚደረገው ፍተሻ

መሣሪያውን አብርታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ የራሱን የኢነርጂ ፍተሻ አሠሩት፤ በቀኑ ውስጥ የአየሩ ሙቀት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተለወጠ ይደገም። የዲቴክተሩ ጉብታዎች ከቦታቸው ፈቀቅ ካሉ ከታች የምንነግራችሁ የእርሳስና የአርሴኒክ ጣጣ ሁሉ ይባባሳል።

ቀጥሎ ባዶ ናሙና ይተኮሳል፣ ማለትም ንጹሕ ኳርትዝ። እርሳስ ወይም ዚንክ ካሳየ ችግሩ አፍንጫው ላይ ያለው አቧራ ነው፤ የመስኮቱን ፊልም ቀይሩ። ጠጠር ይወጋዋል፣ ስለዚህ መሬት ላይ በቀጥታ የምትተኩሱ ከሆነ ትርፍ ፊልም ከእጃችሁ አይጥፋ። ፊልሙ ተበስቶ አፈር ወደ ዲቴክተሩ ከደረሰ ዋጋው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ስታንዳርድ ነው፤ በውስጡ ያለው መጠን አስቀድሞ ተለክቶ የታወቀ አፈር ማለት ነው። በየቦታው የሚታወቁት የአሜሪካ የስታንዳርዶችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም አፈሮች ናቸው። 2709ኤ ዝቅተኛው ነው፤ እርሳስ 17.3፣ አርሴኒክ 10.5 ሚሊግራም በኪሎግራም። 2711ኤ እርሳስ 1400፣ አርሴኒክ 107 አለው። 2710ኤ ወደ 5520 እርሳስና 1540 አርሴኒክ ይደርሳል። መሣሪያው ከእውቁ ቁጥር በ20 በመቶ ውስጥ መግባት አለበት፤ ለ2711ኤ እርሳስ ይህ ከ1120 እስከ 1680 ነው። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ ለኩትና ጻፉት። ማታ የወጣው ከክልሉ ከወጣ የከሰዓቱ ሥራ ሁሉ ጥያቄ ላይ ነው።

የመሣሪያችሁ እውነተኛ ዝቅተኛ ወሰን አምራቹ ካሳተመው ቁጥር አይወሰድም፤ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ዝቅተኛውን ስታንዳርድ ሳትነቀንቁ ሰባት ጊዜ ተኩሱ። እንበል ለእርሳስ 16፣ 19፣ 15፣ 21፣ 18፣ 14 እና 20 ወጣ። አማካዩ 17.6፣ መደበኛ ልይይቱ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ) 2.6 ነው። ልይይቱን በ3 ስታባዙ 7.9 ይሆናል፤ ከዚህ በታች ያለ ቁጥር «አልተለየም» ይባላል። በ10 ስታባዙ 26 ነው፤ ከዚህ በላይ ያለውን እንደ መጠን መናገር ትችላላችሁ። በ8 እና በ26 መካከል ያለው እርሳስ መኖሩ ይታወቃል፣ ስንትነቱ ግን አይታመንም። ልይይቱ ከአማካዩ ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ለክሮሚየም እስከ 30 ይፈቀዳል። እዚህ 15 ነው፣ አልፏል።

መተኮስ

ለአንድ ቦታ 30 ሰከንድ ለጥድፊያ፣ 60 ለመደበኛ ሥራ፣ 120 ለዝቅተኛ ቁጥር ይሆናል። ጊዜውን አራት እጥፍ ብታደርጉ ስህተቱ በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ ስለዚህ ከ120 በኋላ ትርፉ እየከሰመ ይሄዳል። ከመጠበቅ ይልቅ ኩባያውን ሩብ ዙር እያዞሩ ሦስት ጊዜ መለካት ይሻላል። ሦስቱ ቁጥሮች ከተራራቁ አፈሩ አልተደባለቀም፤ ምናልባት የቀለም ቅርፊት ወይም የጥይት ፍንጣሪ አለበት። ያን ጊዜ አማካዩን ጽፎ ማለፍ ሳይሆን ናሙናውን እንደገና ፈጭቶ መመለስ ነው።

ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን የሚታየው የመደመርና መቀነስ ምልክት የሚነግራችሁ የቆጠራውን ስህተት ብቻ ነው። እርጥበቱን፣ ሸካራነቱን፣ ከየት እንደቀዳችሁ አያውቅም።

ጉብታዎቹ ሲጋጩ

ዋናው ጥፋት እዚህ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ከአንድ በላይ ጉብታ አለው፤ ኤል አልፋ፣ ኤል ቤታ፣ ኬ አልፋ የሚባሉት የጉብታዎቹ ስሞች ናቸው። የእርሳስ ኤል አልፋ ጉብታ 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፣ የአርሴኒክ ኬ አልፋ 10.54 ላይ። ዲቴክተሩ ሊለያቸው አይችልም፤ ሁለቱ አንድ ጉብታ ሆነው ይታያሉ። መሣሪያው የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ እርሳሱን 12.61 ላይ ካለው ኤል ቤታ ያሰላል፣ ከዚያ 10.5 ላይ የእርሳሱ ድርሻ ይህን ያህል መሆን አለበት ብሎ ይቀንሳል፣ የተረፈውን አርሴኒክ ይለዋል። እርሳሱ 100 አርሴኒኩ 40 ከሆነ ቅናሹ ይሠራል። እርሳሱ 2000 አርሴኒኩ 30 ከሆነ ግን ከትልቅ ቁጥር ላይ ትልቅ ቁጥር እየቀነሳችሁ ነው፤ ቅናሹ በጥቂት በመቶ ቢሳሳት ሠላሳው ይጠፋል ወይም ከየት መጣ ሳይባል ይወለዳል። ልኩ ይህ ነው፦ እርሳስ ከአርሴኒክ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን የአርሴኒኩን ቁጥር አትጻፉ፣ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ።

መሣሪያችሁ በዚህ ነገር ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለማወቅ ጥሩ መፈተኛ ከእጃችሁ አለ። 2711ኤ ውስጥ እርሳሱ የአርሴኒኩ 13 እጥፍ ነው። እሱን አሥር ጊዜ ተኩሱና አርሴኒኩ በ107 ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋልል እዩ፤ 40 ብሎ ቀጥሎ 160 የሚል ከሆነ የመሣሪያው ጠባይ ተገለጠ። ስፔክትረሙንም፣ ማለትም ጉብታዎቹ የሚታዩበትን ግራፍ፣ ክፈቱ። እውነተኛ አርሴኒክ ካለ 11.73 ላይ ሁለተኛዋ ትንሽ ጉብታው ብቅ ትላለች። እዚያ ምንም ሳይኖር ስክሪኑ «አርሴኒክ 90» ካለ የእርሳስ ጥላ ነው ያነበባችሁት። ጨው በበዛበት የሐይቅ ዳር አፈር ላይ ግን 11.92 ላይ ያለው ብሮሚን ያችን ቦታ ሊሸፍናት ስለሚችል በእሷ ብቻ አትመኑ።

ቀይ አፈር ሌላ ወጥመድ አለው። ብረት ሲበዛ 7.06 ላይ ያለው ሁለተኛ ጉብታው 6.93 ላይ ባለው ኮባልት ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከቀይ አፈር የወጣ «ኮባልት» ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ሁለት የብረት ጨረሮች በአንድ ቅጽበት ዲቴክተሩን ሲመቱት ደግሞ እንደ አንድ ተደምረው 12.80 ላይ ይቆጠራሉ፤ ይህም እርሳሱ ከሚሰላበት 12.61 አጠገብ ነው። ቲታኒየም በበዛበት የባዛልት አፈር ላይ 4.93 ያለው ጉብታው 4.95 ላይ ባለው ቫናዲየም ላይ ይወጣል፤ ቫናዲየሙ ራሱ በ5.43 የክሮሚየምን 5.41 ይነካል፤ ክሮሚየም ሲበዛ በ5.95 የማንጋኒዝን 5.90 ያሳብጣል። ሰንሰለት ነው። መነሻ ናሙናው ከዚያው ዓይነት አፈር ይሁን ያልነው ለዚህም ጭምር ነው፤ የተመሳሳይ አፈር ስህተት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነቱ ይታመናል።

ካድሚየም ላይ አትድከሙ። ጉብታው 23.17 ላይ ስለሆነ 50 ኪሎ ቮልት ቱቦ ይፈልጋል፣ የቱቦው ብር ወይም ሮዲየም የራሱን ጉብታ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ተራ አፈር ውስጥ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 ፒፒኤም በታች ነው። የማቅለጫ ቦታ ወይም የባትሪ መጣያ ካልሆነ የምታነቡት ጫጫታ ነው።

ክሮሚየምን በተመለከተ፣ መሣሪያው የሚሰጠው ጠቅላላውን ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ባለ ሦስት ክሮሚየምና መርዛማው ባለ ስድስት ለእሱ አንድ ናቸው። ሞጆ ወይም አቃቂ ላይ ከፍ ያለ ክሮሚየም አገኘን ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ መርዛማነቱ ገና ምንም አላለም።

ከላቦራቶሪ ጋር ማስተያየት

ከ20 ናሙና ቢያንስ አንዱ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። ከፍተኛውን ብቻ አትላኩ፤ ከዝቅተኛው፣ ከመካከለኛውና በተለይ ውሳኔ ከሚሰጥበት ቁጥር ዙሪያ ምረጡ። የሚሄደው ራሱ የለካችሁት ኩባያ ይሁን። ከፌስታሉ ሌላ ማንኪያ ቀድታችሁ ከላካችሁ የምታወዳድሩት መሣሪያዎቹን ሳይሆን ማንኪያዎቹን ነው።

ውጤቶቹን በግራፍ አስቀምጡ። ቁጥሮቹ ከአሥር እጥፍ በላይ የተዘረጉ ከሆነ መጀመሪያ ሎጋሪዝም ውሰዱ፤ ካልሆነ አንድ ትልቅ ቁጥር መስመሩን ወደራሱ ይጎትታል። ሁለቱ ውጤቶች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚናገረው የተዛምዶ ቁጥር (አር) 0.7 ከደረሰ ለማጣሪያ ይበቃል፤ ለቁርጥ ውሳኔ 0.9 ይጠበቃል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ነገር ግን አዘንብሎ ከመጣ በዚያው ዝንባሌ ቀሪዎቹን ማስተካከል ይቻላል።

ክሮሚየም ላይ የላቦራቶሪው ቁጥር ከእናንተ ዝቅ ብሎ ቢመጣ ወዲያው ራሳችሁን አትውቀሱ። የተለመደው የአሲድ ማብላያ አፈሩን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም፤ ክሮማይት በሚባለው ማዕድን ውስጥ የታሰረው ክሮሚየም አሲዱ ሳይነካው ታች ይቀራል። ራጁ ግን ያየዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የለኩት ነገር ነው የተለያየው። ላቦራቶሪው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተጠቅሞ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ሪፖርቱ ላይ ያልተለየውን ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከ8 በታች» ይባል። 213.47 የሚል ቁጥርም አይጻፍ፣ 213 ይበቃል፤ ከነጥብ በኋላ ያለው የመሣሪያው ልማድ እንጂ እውቀት አይደለም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የወንፊቱ መጠን፣ የተተኮሰበት ሰከንድ፣ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑ፣ ኩባያ ወይም ፌስታል መሆኑ ይግባ። የስፔክትረሙን ፋይል ከመሣሪያው አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ «አርሴኒኩ እውነት ነበር?» የሚል ሰው ሲመጣ 11.73ን ከፍቶ ማየት የሚቻለው ፋይሉ ካለ ነው። ኩባያዎቹ ደረቅ ቦታ እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ፣ የሜርኩሪው ክፍል ግን ቀዝቅዞ በ28 ቀን ውስጥ መለካት አለበት።